ጣሪያዋ የሚከፈት መኪና በቦሌና በምሥራቅ አዲስ አበባ፦ የመግቢያ ጥናት

ያገለገለ መኪና የሚገዛ የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ዓይነት ነው ተብሎ ሲታመን ቆይቷል፤ ቪትዝ የሚገዛና ቪትዝ ለመግዛት የሚያጠራቅም። ይህ ጥናት ሦስተኛ ዓይነት መኖሩን ያረጋግጣል። ቁጥሩ አነስተኛ ነው፤ ነገር ግን ከሩቅ ስለሚታይ ለመመዝገብ አያስቸግርም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከደንበል ወደ ቦሌ መድኃኔዓለም በሚወስደው መንገድ፣ ጣሪያዋን አጥፋ ኋላዋ በከተተች መኪና ውስጥ ይገኛል። ጥቁር መነጽር አድርጓል፣ ሙዚቃ ከፍቷል፣ አንድ ክንዱን በሩ ላይ አሳርፏል። ዓይኑ ግን መንገዱ ላይም፣ ጥግ ይዘው በሚሄዱት ቆነጃጅት ላይም አይደለም፤ የሞተሩን ሙቀት በሚያሳየው መርፌ ላይ ነው።

ጥናቱ የሚመለከተው ርካሽ፣ ያገለገለችና በአስተማማኝነት ስሟ በበጎ የማይነሣ መኪናን ብቻ ነው፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ «ከፋቿ» ትባላለች። ውድና አዲስ የሆነችው የሌላ ጥናት ርእስ ናት፤ ባለቤቷም ለቃለ መጠይቅ አይገኝም። ጣሪያው የተቆረጠ ቮልስም በከተማው አልፎ አልፎ ይታያል፤ እሱ በመጋዝ የተከፈተ ስለሆነ የመዝጋት ጥያቄ አይነሣበትም፤ ከጥናቱ ወጥቷል።

ከፋቿ ለአገራችን እንግዳ ናት የሚሉ አሉ። ታሪክ አይደግፋቸውም። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ፣ በረሃውንና አቀበቱን አቋርጦ አዲስ አበባ ይዞ የገባት ሲድሊ መኪና ክፍት ነበረች። ዳግማዊ ምኒልክም ተቀምጠውባታል። ብዙም ሳይቆይ ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትዝ በሌላ መኪና መጣ። እንግዲህ ጥንታዊው የመኪና ቅርጽ ክፍቱ ነው፤ ጣሪያ በኋላ የመጣ ፈሊጥ ነው። ቤንትሊ በመንገድ ላይ መከራውን አይቷል፤ ያኔ ግን የመኪና ዕቃ መሸጫው ሶማሌ ተራ ስላልነበረ መኪናዋን «ዕቃዋ አይገኝም» ብሎ የሚያማት አልተገኘም።

የገበያውን ጠባይ ሳይረዱ ገዢውን መረዳት አይቻልም። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው በር ከወጣችበት ደቂቃ ጀምሮ ዋጋዋ ይወርዳል። እዚህ ይህ ሕግ አይሠራም። ቪትዝ ጃፓን ውስጥ ከ1999 እስከ 2020 እ.ኤ.አ. የተመረተች ትንሽ የከተማ መኪና ናት፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ከአንድ ሚሊዮን ብር በላይ የምታወጣ፣ ባረጀች ቁጥር የምትወደድ ጥሪት ሆናለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አሮጌ መኪና ማስገባትን የማይቀመስ አደረገው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ የገባች ገብታለች። ሰው መኪና የሚገዛው ሊሸጣት ነው፤ በመካከሉ የሚነዳት ቆማ እንዳትበላሽበት ነው።

አስተማማኝነት የሚባለውም ነገር ከዚሁ ይመነጫል። ብዙዎቹ ቪትዞች ሲሠሩ መሪያቸው በቀኝ ነበር፤ ወደኛ ሲመጡ ዱባይ ላይ ዳሽቦርዳቸው ተነቅሎ፣ ሽቦአቸው ተጎልጉሎ፣ መሪያቸው ወደ ግራ ተሻግሯል። ይህ ሁሉ ያለፈባትን መኪና ማንም አይጠራጠራትም። ጣሪያዋ በፋብሪካው ውሳኔ የሚታጠፍ መኪና ሲያይ ግን ያው ሰው ራሱን ይነቀንቃል፤ «ይቺማ ተነካክታለች» ይላል።

ይህ ተቃርኖ ብዙ ተመራማሪዎችን ያደናገረ ቢሆንም መልሱ መርካቶ ነው። አስተማማኝ መኪና ማለት የማትበላሽ ሳትሆን፣ ስትበላሽ ዕቃዋ ሶማሌ ተራ የሚገኝላት ናት። የቪትዝ የፊት መብራት የጠየቀ ሰው «ኦሪጅናል ነው የምትፈልገው ወይስ ቻይና?» ተብሎ በክብር ይስተናገዳል። የጣሪያ ፓምፕ የጠየቀ ግን የሚገጥመው ሌላ ነው። ሻጩ መጀመሪያ ዝም ይላል፤ ቀጥሎ ጎረቤቱን ይጠራል፤ ጎረቤቱም ሌላ ሰው ይጠራል። ሦስቱ ስልክ ላይ ያለውን ፎቶ ከበው ካዩ በኋላ ከሁሉ ሽማግሌው፣ «ልጄ፣ ይሄ የፍሪጅ አይደለም?» ሲሉ ይጠይቃሉ።

የግዢው ሥርዓት በደላላ ይከፈታል። ደላላው ከገዢም ከሻጭም ሁለት ሁለት በመቶ ስለሚወስድ ለሁለቱም እኩል ታማኝ ነው። ስለ ቪትዝ ሲናገር ቃሉ የታወቀ ነው፤ ሞተሯ አልተነካም፣ ኪሎሜትሯ የራሷ ነው፣ አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከቤት ቢሮ ብቻ ነድታታለች። ከፋቿን ሲያቀርብ ግን ስለ ሞተር አንድም ቃል አይወጣውም። «ወንድሜ፣ ይቺን መኪና ለሁሉም ሰው አላሳይም» ብሎ ይጀምራል። የኤምባሲ ሰው ያስገባት ናት ይላል፤ ወይም ከአሜሪካ ጠቅልሎ የመጣ ዲያስፖራ። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ከውጭ የሚመለሱ ሰዎች መኪና ከቀረጥ ነፃ የሚያስገቡበት ጊዜ ነበር፤ ኤምባሲዎችም ያገለገሉ መኪኖቻቸውን በጨረታ ይሸጣሉ። የማይነገረው ዲፕሎማቱ ወደ አገሩ ሲመለስ ለምን ሳይዛት እንደሄደ ነው።

ቀጥሎ ያለው ንግግር ገርጂም ይሁን ሃያ ሁለት፣ በየትኛውም መሸጫ ያለ ልዩነት ይሰማል።

«ጣሪያው ይከፈታል?»

«ይከፈታላ! ለእሱ አይደል እንዴ የምትገዛት?»

«እስቲ ክፈተው።»

«አሁን ባትሪዋ ትንሽ ደክሟል። ቆማ ስለሰነበተች ነው።»

«ሲከፈትስ ይዘጋል?»

በዚህ ጊዜ የደላላው ስልክ ይጠራል።

ዋጋዋ ከቪትዝ ያንሳል። ገዢውን የሚረታውም ይኸው ሒሳብ ነው፤ ጎረቤቱ ለቪትዝ ባወጣው ብር እሱ የአውሮፓ መኪና ከነጣሪያ መክፈቻዋ ይይዛል፣ የተረፈውም ለጋራዥ ይበቃል። በእርግጥም ለመጀመሪያው ጋራዥ ይበቃል።

በሕግ ረገድ አንድ ክፍተት ተገኝቷል። የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ በአንቀጽ 68 ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የባልና የሚስት ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ስለዚህ ሻጩ ውልና ማስረጃ የሚቀርበው ከሚስቱ ጋር ነው፤ እሷም መስማማቷን በፊርማዋ ብቻ ሳይሆን በፊቷም ትገልጻለች። እንዲያውም ቀድማ የደረሰችው እሷ ናት። ገዢው ግን ብቻውን ይመጣል። ሕጉ ስለ መግዛት ዝም ብሏል። ያው አንቀጽ ከ500 ብር በላይ ለመበደርም የሁለቱን ስምምነት ስለሚጠይቅ ሕግ አውጪው ነገሩን ጨርሶ ዘንግቶታል አይባልም፤ በእጁ ባለ ጥሬ ገንዘብ የሚገዛውን ሰው ግን የሚያስጥለው የለም። የሦስተኛ ወገን መድንም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። ሦስተኛ ወገንን ከመኪናዋ ይጠብቃል። ባለቤቱን ከመኪናዋ የሚጠብቅ አዋጅ ገና አልወጣም።

ለናሙና ፔጆ 206 ሲሲ ትወሰድ። ከ2000 እስከ 2007 እ.ኤ.አ. ድረስ የተመረተች፣ የብረት ጣሪያዋ በኤሌክትሪክና በዘይት ግፊት ታጥፎ ኋላ የሚገባ፣ የተራውን የአውሮፓ ሰው ኪስ ያገናዘበች መኪና ናት። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ፔጆ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም «ኤክሊፕስ» የሚላቸውን የብረት ጣሪያቸው የሚከተት መኪኖች ሠርቷል። ሐረርና ድሬዳዋ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ታክሲ ሆና የኖረችውን ፔጆ 404ንም የሠራው እሱው ነው። የ404ን ጥንካሬ ሐረር ላይ የሚክድ የለም። የ206 ሲሲ ጣሪያ ውኃ ማስገባቱን ደግሞ አውሮፓ ውስጥ የሚክድ የለም። ሁለቱ አይጋጩም። የ404 ጣሪያ የተሰጠው ሥራ አንድ ብቻ ነበር።

የከፋቿ ጣሪያ ትእዛዝ ከመቀበሉ በፊት ብዙ ምስክር ይጠይቃል። ከፊት መስታወቱ በላይ ያሉት ሁለት መቆለፊያዎች መለቀቃቸው፣ የኋላው ዕቃ መከለያ በቦታው መዘርጋቱ በየራሱ ሴንሰር መረጋገጥ አለበት። አንዱ ምስክር ከቀረ ጉዳዩ ይቀጠራል። ኋላ ግማሽ ኩንታል ጤፍ የጫነ ሰው ጣሪያ መክፈት አይችልም፤ ጣሪያ የከፈተ ሰውም ጤፍ መጫን አይችልም። አንዳንዴ ጣሪያው ግማሽ ላይ ሐሳቡን ይለውጥና ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ ይቀራል። በዚህ ሁኔታ ከአያት እስከ ገርጂ የነዳ ባለቤት ተገኝቷል፤ ቀስ ብሎ ነው የነዳው።

ጉልበትን በተመለከተ፣ ፋብሪካው የ1.6 ሊትር ሞተሯን 110 የፈረስ ጉልበት ብሎ መዝግቦታል። ፈረሶቹ የተቆጠሩት ግን በባሕር ወለል ላይ ነው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፣ እንዲህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ሃያ ያህሉ ፈረሶች ከጅቡቲ ሲመጡ መንገድ ላይ ቀርተዋል ማለት ነው። የቀሩት ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ሲወጡ ይሰማሉ።

ጥገናው የራሱ ሥርዓት አለው። መካኒኩ ጣሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያይ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል፣ «የኤሌክትሪክ ነው» ይላል። ኤሌክትሪሺያኑ ይጠራል፤ ሽቦውን ዘርግፎ ካየ በኋላ «የዘይት ነው» ይላል። የዘይት ባለሙያው ሲፈለግ የሚገኘው የኤክስካቫተር ሃይድሮሊክ የሚሠራ ሰው ነው፤ እሱ እንዲህ ያለች ትንሽ ፓምፕ አይቶ አያውቅምና ከልቡ ይስቃል፤ ስቆ ሲጨርስ «የላሜራ ነው» ይላል። ላሜራ ቀጥቃጩ ብቻ የማንም ነው አይልም። መዶሻውን ያነሣል።

ጣሪያው ሠራ እንበል። መቼ ይከፈታል? ከሰኔ እስከ መስከረም አጋማሽ ያለው ጊዜ ያለ ክርክር ይወጣል፤ የከተማዋ የዓመት ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ያኔ ነው። ኅዳር 12 ቀን ከተማው ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ወዲህ እንደለመደው ቆሻሻውን ሲያጥን መከፈት የለባትም። የታኅሣሥ ማለዳ ጆሮ ይቆርጣል። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአዲስ አበባ ላይ አናት ለአናት ትቆማለች፤ በሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ መጨረሻ። የነሐሴዋን ደመና ይሸፍናታል። የሚያዝያዋ ያገኘችው መላጣ ላይ ታርፋለች፤ ከፋቿን የሚገዛው ሰው ዕድሜ ደግሞ ይህን ነጥብ ቀላል አያደርገውም።

የሚቀረው ከጥምቀት ማግስት ዐቢይ ጾም እስኪገባ ያለው ነው። ይህ ደግሞ የሰርግ ወቅት ነው፤ ባለቤቱም በዚህ ጊዜ ከነዳጅ ወጪው የተወሰነውን ለማስመለስ መኪናዋን ለሙሽሮች ያከራያል። ሙሽራዋ ቬሎዋን ለብሳ ኋላ ትቀመጣለች ተብሎ ይታሰባል፤ የኋላው ወንበር ግን ለቬሎው ብቻ ነው የሚበቃው። ሚዜዎች በሌላ መኪና ይከተላሉ። ወደ ፒኮክ መናፈሻ ሲኬድ ቬሎው ነፋስ ገብቶበት የሹፌሩን የኋላ ማሳያ ይሸፍናል፤ ሹፌሩም ከኋላው የሚመጣውን በክላክሱ ብዛት ይገምታል። በቪዲዮው ላይ በጣም ያምራል።

የኋላው ወንበር በትክክል የሚስማማው ለፋሲካ በግ መሆኑን ባለቤቶች ይመሰክራሉ። ቁመቱም፣ ስፋቱም፣ የሚያስፈልገውም አየር ልክ ነው። በጉ ከሾላ ገበያ እስከ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ድረስ ግራ ቀኙን በእርጋታ እያየ ይሄዳል። በዚህች መኪና ላይ ሳይጨነቅ የተሳፈረ ፍጡር ሆኖ የተመዘገበው እሱ ብቻ ነው።

የጥናቱ ዋና ግኝት ግን ከሞተርም ከጣሪያም ጋር አይገናኝም። አዲስ አበባ ውስጥ የመኪና ጥቅም መንቀሳቀሷ አይደለም፤ መንገዱ ለዚያ ብዙም አይመችም። ጥቅሟ መዘጋቷ ነው። ሰው መኪና ሲገዛ በርና መስታወት ነው የሚገዛው፤ አቅም ያለው ደግሞ መስታወቱን ያጠቁረዋል። ከፋቿን የገዛ ሰው ቀረጧን፣ ቦሎዋንና መድኗን ከፍሎ ተመልሶ እግረኛ ሆኗል። ልዩነቱ እግረኛው መሸሽ መቻሉ ነው።

መገናኛ ላይ መብራት ይይዘዋል። ማስቲካ አዟሪው ልጅ የሌላውን ሾፌር መስታወት ያንኳኳል፤ እዚህ የሚንኳኳ ስለሌለ ማስቲካውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሒሳቡን ይጠብቃል። ሎተሪ አዟሪው «ጋሼ፣ እንዲህ ያለች መኪና የያዘ ሰውማ ዕድለኛ ነው» ብሎ ቁጥር ያስመርጠዋል። ምጽዋት የሚጠይቁት እናት ጎንበስ ማለት ሳያስፈልጋቸው፣ ቆመው፣ ዓይን ለዓይን ይለምኑታል፤ መስታወት የሚሰጠውን ያለመስማት መብት ተነጥቋል። አንበሳ አውቶቡስ ከጎኑ ሲቆም የአንድ ወገን ተሳፋሪ በሙሉ ቁልቁል ወደ ውስጥ ያያል፣ ዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውንም ቢጫ ምልክት ያነባል። «ወንድም፣ ቼክ ኢንጂን በርቷል!» ይሉታል ከላይ። ያውቃል። ከገዛት ጀምሮ እንደበራ ነው። የሚኒባስ ረዳቱ ደግሞ ለራሱ መጥራቱን ትቶ፣ «ሲኤምሲ፣ አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጠራለታል።

ከሁሉ የከፋው የሚያውቁት ሰው ነው። በዝግ መኪና ውስጥ ያለ ሰው ስልክ እንደሚያወራ ሆኖ ያልፋል። ከፋቿ ውስጥ ያለው ግን «አንተ! ጠፋህ እኮ! ወዴት ነህ?» ሲባል መልስ አለበት። መልሱን ሳይጨርስ ጠያቂው በሩን ሳይከፍት ገብቶ ተቀምጧል። አሞኛል ብሎ ከሥራ መቅረትም አይቻልም፤ አትላስ ላይ ያየው የሥራ ባልደረባ ቢሮ ሳይደርስ ወሬው ደርሷል። «መንገድ ላይ ነኝ፣ ጎሮ ደርሻለሁ» የሚለው የከተማው ሰው የዘወትር ቃልም ለእሱ አይሠራም፤ የሚጠብቀው ሰው ገና ቦሌ ላይ ቆሞ አይቶታል።

የስፖኪዮ ሌባን የሚፈራ ባለመኪና የታርጋ ቁጥሩን ስፖኪዮው ላይ ያስቀርጻል። የከፋቿ ባለቤት ወንበሩም፣ ቴፑም፣ ማርሹም ላይ ማስቀረጽ ይኖርበታል።

ወላጅ እናት የሚሰጡት አስተያየት ከተሰበሰቡት መረጃዎች ሁሉ አጭሩና ጠለቅ ያለው ነው። መኪናዋን በክፍትነቷ ዙሪያዋን ዞረው ያዩአታል፣ በእጃቸው ይዳስሷታል፣ ይመርቃሉ፤ ከዚያም ልጃቸው እንዳያፍር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ምን ቸገረህ፣ ጣሪያውን ደግሞ እጅህ ላይ ሲገባ ታሠራዋለህ» ይላሉ።

ከፋቿ የመጨረሻ ቅርጿን የምትይዘው አንድ ክረምት ካለፈባት በኋላ ነው። ምንጣፉ በስብሷል፣ ሽቦው ዝጓል፣ ባለቤቱ የአየር ትንበያ እየጠበቀ ዜና የሚያይ ሰው ሆኗል። አንድ ቀን መኪናዋን ላሜራ ቀጥቃጩ ዘንድ ይወስዳትና «ዝጋልኝ» ይለዋል። ቀጥቃጩ ለምን ብሎ አይጠይቅም፤ ገና ሲያያት የሚያውቀው ነገር ነው። ጣሪያውን ጎትቶ ቦታው ያስቀምጠዋል፣ በቡሎን ይጠርቀዋል፣ ዙሪያውን ሲሊኮን ይሞላዋል፣ ስቱኮ ቀብቶ ቀለም ይረጭበታል። ፓምፑን የኤክስካቫተሩ ሰው ለመታሰቢያ ይወስደዋል። መኪናዋ በዚያው ሳምንት ጤፍ ትጭናለች።

ከዚህ በኋላ በከፋቿ ላይ የሚታየው ለውጥ በገበያ ጥናት ሌላ ምሳሌ የለውም። ዋጋዋ ይጨምራል። ደላላው ተመልሶ ይመጣል፤ አሁን ሞተሯን በስሙ እየጠራ ያሞግሳል፣ ኪሎሜትሯ የራሷ ሆኗል፣ የባንክ ሠራተኛዋም ከቤት ቢሮ ነድታታለች። አዲሱ ገዢ ቪትዝ ፈልጎ ብር ያጠረው ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ ያያል፣ ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ጎማውን በእግሩ ይነካል፤ ከፊት መስታወቱ በላይ ያለው መቆለፊያ ዓይኑ ውስጥ ይገባል።

«ይቺ መኪና ጣሪያዋ ይከፈት ነበር እንዴ?»

«ማን? ይቺ? ኧረ በፍጹም! ንጹሕ የቤት መኪና ናት።»

ገዢው ጥቂት ዝም ይላል። መቆለፊያውን በጣቱ ይነካካዋል።

«ሰው መክፈት ቢፈልግስ?»

ደላላው ግራ ቀኙን አይቶ ጠጋ ይላል።

«ወንድሜ፣ አራት ቡሎን ነው።»